ስለ መግረፊያ ውፍረትና ስለ ፈጣን እጅ
(በሐሙሲት ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምንነጋገርበት ዕቃ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። የክራር ሰዎች መግረፊያ ይሉታል፤ የጊታር ሰዎች ደግሞ ፒክ ይሉታል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ቢጠፋ የሚያለቅስለት የለም። ይሁን እንጂ በእጅና በክር መካከል ያለው ብቸኛ ድልድይ እርሱ በመሆኑ፣ በምርጫው ላይ የሚደረገው ስሕተት ከእጅ እስከ ጆሮ ይዘልቃል።

በየማሠልጠኛው፣ በየባንዱና በየሠርግ ቤቱ የሚሰማ አንድ ምክር አለ፤ ይኸውም «ፈጥነህ ለመምታት ስስ መግረፊያ ያዝ» የሚል ነው። ምክሩ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ ሕግ ወደ መምሰል ደርሷል። እኔ ዛሬ ልገልጽላችሁ የምሻው፣ ይህ ምክር ለአንድ ዓይነት ጨዋታ የሚስማማውን ያህል ለሌላው የሚጎዳ መሆኑን ነው። አንድን ክር እየደጋገሙ በፍጥነት መምታትን፣ ማለትም ትሬሞሎ የሚባለውን አመታት፣ የሚወስነው የመግረፊያው ውፍረት ብቻ አይደለም። ውፍረቱ፣ ከጣት ወጥቶ የሚታየው የጫፉ ርዝመት፣ የአያያዙ ጥብቀትና የክሩ ውጥረት በአንድነት የሚወስኑት ነገር ነው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነጥሎ ሕግ ማውጣት ተማሪውን ያሳስታል።

አስቀድሞ «ትሬሞሎ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህ አገር፣ ከደራ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም አልፎ ጋይንት ድረስ፣ የማሲንቆ አገር ነው። ማሲንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ይዞ፣ በፈረስ ጭራ ደጋን እየተገዘገዘ፣ ድምፅን ያለማቋረጥ ይዞ ይቆያል። ዘፋኙ ድምፁን ባስረዘመ ቁጥር ማሲንቆው አብሮት ይረዝማል፤ ዘፋኙ ሲያለቅስ ያለቅሳል። የክራርና የጊታር ክር ግን እንዲህ አይደለም። ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ ድምፁ እየሞተ ይሄዳል። የተመታውን ክር ሕይወት ለማራዘም ያለው ጥንታዊ ዘዴ፣ ድምፁ ሳይሞት ደግሞ መምታት፣ አሁንም ደግሞ መምታት ነው። እንግዲህ ትሬሞሎ የፍጥነት ትርኢት ሳይሆን፣ ለሚመታ ክር እስትንፋስ መስጫ ነው። በዝግተኛ ትዝታ ውስጥ ከማሲንቆው አጠገብ ተቀምጦ አንድን ድምፅ መሸከም ያልቻለ ጊታር፣ የዘፈኑን ዳር ዳር ሲነካ ይውላል እንጂ ወደ ውስጡ አይገባም።

ይህንኑ ሥራ ማንዶሊን ከጥንት ጀምሮ ሲሠራው ኖሯል። የማንዶሊን ክሮች አጫጭርና ጥንድ ጥንድ በመሆናቸው ድምፃቸው ቶሎ ይጠፋል፤ ስለዚህ ትሬሞሎ ለማንዶሊን ጌጥ ሳይሆን የመናገሪያ አንደበቱ ነው። በእኛም አገር በማንዶሊን ጨዋታው የታወቀው አየለ ማሞ ይህን መሣሪያ ከኢትዮጵያ ዜማ ጋር አስማምቶ አሰምቶናል። ስለሆነም የምንነጋገረው ከውጭ ስለ መጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ክራር ልመለስ፤ ምክንያቱም ስሱን መግረፊያ የመውደዳችን ምሥጢር ከዚያ ይገኛል። ሁላችሁም እንደምታውቁት ክራር የሚመታው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ድርደራ ሲሆን፣ ጣቶች ክሮቹን አንድ በአንድ ይነካሉ። ሁለተኛው ግርፍ ነው። በግርፍ ቀኝ እጅ መግረፊያውን ይዞ ክሮቹን በሙሉ ይጠርጋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለጉትን ክሮች ከኋላ እየነኩ ዝም ያሰኟቸዋል፤ የተለቀቁት ብቻ ይናገራሉ። እንዲህ ባለው ጨዋታ መግረፊያው በአንድ ጉዞ አምስት ወይም ስድስት ክሮችን ማለፍ አለበት። በየክሩ ላይ ትንሽ እየተለመጠ ካላለፈ ይደናቀፋል። ስለዚህ በግርፍ ስስና ተለማጭ የሆነ መግረፊያ፣ ጫፉም ረዘም ብሎ የወጣ፣ ተገቢ ነው። አባቶች ቀንድም ሆነ ቆዳ ሲመርጡ የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚመጣው በግርፍ ያደገ ወጣት ጊታር ሲያነሣ ነው። እጁ የሚያውቀውን ይዞ ይመጣል፤ መግረፊያውም ስስ፣ ጫፉም ረጅም ይሆናል። ነገር ግን በትሬሞሎ ስድስት ክር መጥረግ የለም። አንድ ክር ብቻ ነው፤ እርሱም ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ በጣም በአጭር ርቀት ይመታል። ሥራው ተለውጧል፤ መሣሪያው ግን አልተለወጠም።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በዓለም ገበያ የሚሸጡት የጊታር ፒኮች በሚሊ ሜትር ይለካሉ። ከ0.60 ሚሊ ሜትር በታች ያሉት በተለምዶ ስስ ይባላሉ፤ ከ0.60 እስከ 0.80 ገደማ ያሉት መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1.2 ገደማ ያሉት ወፍራም ይባላሉ፤ ከዚያም የሚያልፉ፣ እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ አሉ። ከ0.73 እስከ 0.88 ያለው ልዩነት 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ለዓይን ምንም አይመስልም። ለእጅ ግን ብዙ ነው። የዚህም ምክንያት አንድ ጠፍጣፋ ነገር በአንድ በኩል ተይዞ በሌላው በኩል ሲገፋ የሚያሳየው ግትርነት በውፍረቱ ልክ ብቻ ስለማያድግ ነው። ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ያድጋል። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ቁስ የተሠሩ፣ አንዱ 0.5 ሌላው 1.0 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት መግረፊያዎች ቢኖሩ፣ ወፍራሙ የስሱ ሁለት እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ግትር ነው። ከ0.73 ወደ 0.88 የሚሸጋገር ሰውም ግትርነቱን በሦስት አራተኛ ያህል ይጨምራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ሁለተኛ ነገር አለ። ያው ሕግ በርዝመትም ይሠራል፤ ነገር ግን ተገልብጦ ነው። ከጣት ወጥቶ የሚታየው ጫፍ በግማሽ ሲያጥር፣ ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ 0.5 ሚሊ ሜትሩን መግረፊያ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ አውጥቶ የያዘ ሰው፣ 1.0 ሚሊ ሜትሩን 8 ሚሊ ሜትር አውጥቶ ከያዘው ሰው ጋር በክሩ ላይ የሚያሳርፈው ግትርነት ተቀራራቢ ነው። አንደኛው «እኔ በስስ እመታለሁ» ይላል፤ ሁለተኛው «እኔ በወፍራም እመታለሁ» ይላል፤ በዚህም ሲከራከሩ ያመሻሉ። ክሩ ግን ክርክራቸውን አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚነካውን ጫፍ ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ «ስንት ሚሊ ሜትር ልግዛ?» ለሚል ተማሪ የመጀመሪያው መልስ «አሁን የያዝኸውን ስንት አውጥተህ ትይዘዋለህ?» የሚል ጥያቄ መሆን ይገባዋል።

አሁን ፍጥነቱን እንመርምር። በሜትሮኖም 120 ላይ በእያንዳንዱ ምት አራት ጊዜ የሚመታ ሰው፣ በሴኮንድ ስምንት ጊዜ ክሩን ይነካል። 150 ላይ ከሆነ አሥር ጊዜ ይደርሳል። በስምንቱ ሂሳብ ለእያንዳንዱ አመታት ያለው ጊዜ የሴኮንድ አንድ ስምንተኛ ነው። በዚያች ቅጽበት ስሱና ረጅሙ ጫፍ ክሩን ሲያገኝ አስቀድሞ ይለመጣል፤ ከተለመጠ በኋላ ክሩን ይለቃል፤ ከለቀቀ በኋላም ወደ ቦታው ይመለሳል። እጁ ግን እርሱን ሳይጠብቅ ወደ ላይ ጉዞ ጀምሯል። ውጤቱም በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ የታችኛውና የላይኛው አመታት ኃይል አይተካከልም። ሁለተኛ፣ ፕላስቲኩ ክሩን ሲነካ የሚሰጠው «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከዜማው በላይ ይሰማል። ሦስተኛ፣ ተጫዋቹ ኃይል ለመጨመር ቢሞክር ኃይሉ ጫፉን ለመለመጥ ይውላል እንጂ ወደ ክሩ አይደርስም፤ ስለዚህ ድምፅን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይሳነዋል።

ይህ የመጨረሻው ለእኛ ቅኝቶች ትልቅ ጉዳት ነው። እንደ አምባሰልና አንቺሆዬ ያሉት ቅኝቶች በመካከላቸው እጅግ ጠባብ የሆነ የድምፅ ርቀት አላቸው፤ ውበታቸውም ያለው በዚያ ጠባብ ርቀት ላይ ነው። በጠቅታ የተሸፈነ ድምፅ ያን ርቀት ያደበዝዘዋል። አድማጩ ፍጥነቱን ሰምቶ ያጨበጭብ ይሆናል፤ ቅኝቱን ግን አልሰማም።

«ወፍራሙስ ክሩ ላይ ይደናቀፋል፤ እጅንም ያደክማል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም እውነትነት አለው። ወፍራም መግረፊያ አይለመጥምና፣ ክሩን በሙሉ ገጽታው ከገጠመው ይያዛል። ተጫዋቹም እንዳይያዝበት ጣቱን ያጠብቃል፤ ጣቱ ሲጠብቅ የእጅ አንጓው ይደርቃል፤ አንጓው ሲደርቅ ክንዱ ይቃጠላል፤ ፍጥነቱም ይሞታል። መፍትሔው ግን ወደ ስሱ መሸሽ አይደለም። መፍትሔው ሦስት ነው፤ ጫፉን ማሳጠር፣ መግረፊያውን ጥቂት አዘንብሎ ክሩን በጠርዙ ማስነካት፣ ጠርዙንም አለስልሶ ማክበብ። ያዘነበለ ጠርዝ በክሩ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ ስለዚህ መለመጥ ሳያስፈልገው መሰናክሉን ይሻገራል። ስሱ መግረፊያ በመለመጥ የሚሠራውን፣ ወፍራሙ በመዘንበል ይሠራዋል። ልዩነታቸው፣ መዘንበሉን የሚቈጣጠረው ተጫዋቹ ሲሆን፣ መለመጡን ግን የሚቈጣጠረው ፕላስቲኩ መሆኑ ነው።

ከውጭው ዓለም አንድ ምሳሌ ላንሣ። ዲክ ዴል የተባለው አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋች በ1962 እ.ኤ.አ. «ሚሲርሉ» የተባለውን የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዜማ በአንድ ክር ላይ በከፍተኛ ፍጥነት እየደጋገመ መትቶ በዓለም ሙዚቃ ስሙን ተክሏል። አባቱ ከሊባኖስ ወገን ነበርና፣ የዐረቦቹን ዑድ ከአጎቱ እጅ ሲሰማ አድጓል። የዚህ ሰው ክሮች እጅግ ወፍራሞች ነበሩ፤ በተለምዶ የጊታር ወፍራሙ ክር 1.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የእርሱ 1.5 ሚሊ ሜትር ይደርስ ነበር። መግረፊያውም እንደ ክሮቹ ወፍራም ሲሆን፣ ከግጭቱ ሙቀት የተነሣ ይቀልጥ ነበር ይባላል። ፍጥነት በስስ መግረፊያ ብቻ ይገኛል ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

ዳሩ ግን ከዚሁ ምሳሌ ተቃራኒውን ትምህርት መውሰድም ይቻላል። ዲክ ዴል ሲሰማው ያደገው ዑድ የሚመታው ሪሻ በሚባል ረጅም መግረፊያ ነው። ቃሉ በዐረብኛ ላባ ማለት ሲሆን፣ በጥንት ጊዜ የሚሠራው ከንስር ላባ አገዳ ነበር፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ ይሠራል። ሪሻ ይለመጣል፤ የዑድ ተጫዋቾች ግን በእርሱ እጅግ ፈጣን ትሬሞሎ ይመታሉ። ለምን ቢባል፣ ሪሻው በጣቶች መካከል አልፎ መዳፍ ውስጥ ስለሚያዝ አያያዙ ከፒክ የተለየ ነው፤ የዑድ ክርም ከብረቱ የጊታር ክር የለሰለሰ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ መግረፊያ ከክሩና ከአያያዙ ተነጥሎ አይመረጥም።

ይህንኑ በእኛ መሣሪያዎች ላይ እናውለው። ናይለን ክር የተወጠረበት ክራር ክሩ ለስላሳ ስለሆነ፣ በ1.2 ሚሊ ሜትር መግረፊያ ቢመታ ክሩ ከመግረፊያው ይሸሻል፤ ለዚህ 0.6 ወይም 0.7 የሆነው ይሻለዋል። የብረት ክር ያለው የኤሌክትሪክ ክራርና ጊታር ግን የክሩ ውጥረት በአንድ ክር 7 ኪሎ ገደማ ሊደርስ ስለሚችል፣ ከ0.9 እስከ 1.2 ያለው በአጭር ጫፍ ቢያዝ ለትሬሞሎ ይስማማል። በዚያው ጊታር ላይ አጃቢ ሆኖ ስድስቱን ክር ለሚጠርግ ሰው ደግሞ መካከለኛው ወይም ስሱ ይስማማዋል። አንድ ተጫዋች በአንድ ምሽት ሁለቱንም ሥራ የሚሠራ ከሆነ፣ ሁለት መግረፊያ በኪሱ መያዝ ነውር አይደለም። አናጺ አንድ መጋዝ ይዞ ወደ ሥራ አይሄድም።

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ነገር ግን ሐሙሲት ላይ ሆኜ ከየት አመጣዋለሁ?» የሚል ካለ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ፒክ በቅርብ ባይገኝ፣ ከእጃችን የማይርቅ አንድ መለኪያ አለ። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ተቈርጦ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ቢለሰልስ፣ እነሆ ትክክለኛ መካከለኛ መግረፊያ ሆነ። ሁለቱ በደንብ ተጣብቀው ቢቈረጡ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ ይህንም እንደሚፈለገው በሞረድ ማሳሳት ይቻላል። ሁለተኛው መለኪያ ወረቀት ነው። በየቢሮው የሚገኘው 80 ግራም የጽሕፈት ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አሥር ቅጠል ተደራርቦ ሲጨመቅ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ውፍረቱ ያልታወቀውን መግረፊያ ከወረቀቱ ክምር አጠገብ አድርጎ በጣት መዳሰስ ግምቱን ይሰጣል።

ከሁሉም በላይ ግን ቀንድ አለን። ዋንጫ የሚሠራልን ባለሙያ እጁ ላይ ያለውን ቀንድ በሞረድ በፈለግነው ልክ ሊያሳሳልን ይችላል። በቀድሞ ዘመን የውጭ አገር ተጫዋቾች እጅግ ይመርጡት የነበረው የባሕር ኤሊ ልባስ ነበር፤ ያ እንስሳ እየጠፋ ስለመጣ፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ተከልክሏል። እነርሱ ያን ለመተካት ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ ፈጥረዋል። እኛ ግን በየገበያው የሚጣል ቀንድ አለን፤ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ አጠገባችን ብንመለከት ይበቃናል።

በመካከላችሁ ያሉትን መምህራን አንድ ፈተና እንድታደርጉ እለምናለሁ። ለተማሪው ሦስት መግረፊያ ስጡት፤ አንዱ 0.5 ገደማ፣ አንዱ ከካርድ የተቈረጠው፣ አንዱ 1.2 ገደማ ይሁን። ሜትሮኖሙን 80 ላይ አድርጋችሁ፣ በአንድ ክር ላይ በየምቱ አራት ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ይምታ። በእያንዳንዱ መግረፊያ አስቀድሞ ጫፉን አስረዝሞ፣ ቀጥሎ አሳጥሮ ይምታው። በእጅ ስልክ ቅረጹት፤ ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ድምፅ ያድምጥ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁት። የታችኛውና የላይኛው አመታት ይተካከላሉ ወይ? ዜማው ይበልጣል ወይስ ጠቅታው? በደቂቃው መጨረሻ ጣቱና ክንዱ እንዴት ሆኑ? በመጨረሻም ሳይጨብጥ፣ ልል አድርጎ ሊይዘው ከቻለው ሁሉ የሚወፍረውን ይምረጥ። ልል አድርጎ ሊይዘው ካልቻለ፣ ያ መግረፊያ ለዛሬ የእርሱ አይደለም፤ ምናልባት ለከርሞ ይሆናል። ፍጥነቱንም ከ80 ወደ 84፣ ከ84 ወደ 88 እያሉ እንጂ በአንድ ዝላይ አይጨምር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

ክቡራን ሆይ፤ ይህን ሁሉ ያተትሁት ስለ አንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ብዬ አይደለም። ስስ መግረፊያ ይዞ፣ ጫፉን አስረዝሞ፣ ቀንና ሌሊት የሚለማመድ ወጣት በመጨረሻ አንድ ግንብ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በላይ አይፈጥንም፤ ድምፁም አይጠራም። ያን ጊዜ መግረፊያውን አይጠረጥርም፤ መምህሩ ያዘዘው ነውና። የሚጠረጥረው የገዛ እጁን ነው። «እጄ ለዚህ አልተፈጠረም» ብሎ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። በዚህ መንገድ የምናጣው አንድ ተማሪ፣ ከማሲንቆው ጎን ተቀምጦ ትዝታን ሊሸከም ይችል የነበረ እጅ ነው። ሕፃን ሳይበጅለት ጫማ ተጫምቶ ቢወድቅ፣ እግሩን እንደማንወቅስ ሁሉ፣ መግረፊያው ያልተስማማውን እጅ «ዘገምተኛ ነው» ብለን ልንፈርድበት አይገባም።

ስለዚህ «ለፍጥነት ስስ» የሚለውን ምክር ከመማሪያ ክፍላችን አውጥተን፣ በምትኩ «ክሩን እይ፣ ጫፉን ለካ፣ እጅህን አላላ፤ ከዚያ በኋላ ውፍረቱን ምረጥ» የሚለውን እንድናስገባ አሳስባለሁ። እያንዳንዱ መምህርም ሦስት ዓይነት መግረፊያ በመሳቢያው ቢያኖር፣ ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።